ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት በር ላይ

እንግሊዞች ስለ አየር ጠባይ ማውራት ይወዳሉ ይባላል። እኔ ለንደን፣ ስቶክዌል ሰፈር ስኖር፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ የሰማሁት ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ወንጀል ነበር። ሊፍት ውስጥ ወንጀል፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ወንጀል፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ወንጀል። የአየሩ ነገር የሚነሳው የወንጀሉ ወሬ ሲያልቅባቸው ነው።

አወራራቸው ደግሞ ያቃጥለኛል። አዝነው እንዳይመስላችሁ። ዓይናቸው ይበራል፣ ጠጋ ጠጋ ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ያን ዝምታ በደንብ ለመድኩት። አክብረውኝ ሳይሆን ወሬው እኔን ስለሚነካ ነው ዝም የሚሉት።

የእኛም ሰዎች አይሻሉም፤ ይህን ከአሁኑ ልናገር። እኛ ወንጀል የሚለውን ቃል አፋችን ላይ አናደርሰውም። ሰው ሲታሰር «ትንሽ ጉዳይ ገጠመው» ይባላል። ሚስቱን የደበደበ «ተጋጩ» ይባልለታል። ሰው የፈነከተ እንደሆነ «ሰይጣን መሃል ገብቶ ነው» ብለን እንገላገላለን። ስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስመላለስ፣ ሰይጣን ያጠፋውን እንጂ ሰው ያጠፋውን ሲያወሩ አልሰማሁም። እንግሊዞቹ ጥፋቱን ሁሉ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ይሰጣሉ፣ እኛ ደግሞ ለሰይጣን እንሰጣለን። ወንድሜ የገባው በዚህ መሃል ነው።

ወንድሜ ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። እንደ ቀበሌ ቤት ባለ አንድ የካውንስል ቤት ውስጥ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ አብረን እንኖር ነበር። እኔ ቀደም ብዬ ስለመጣሁ ወረቀቴን አግኝቼ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። የእሱ የጥገኝነት ጥያቄ ግን ገና ክሮይደን፣ የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ተቀምጧል። ምንም ነገር እንዳያበላሽበት እየፈራ፣ ቀይ መብራት ላይ እንኳን ሰው ሁሉ ሲሻገር እሱ ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ ነበር። የራሱ የሚላት አንዲት ብስክሌት ብቻ አለችው። እሷን የሕንፃው መግቢያ ላይ፣ ከደረጃው የብረት ድጋፍ ጋር በሰንሰለት ያስራታል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰውዬ ነበር። ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ወተት ሊገዛ ሲወጣ እንኳን ክራቫት የሚያስር እንግሊዛዊ። ብስክሌቷ መተላለፊያ ትዘጋለች ይላል፤ ወንድሜ አትዘጋም ይላል። በዚህ አንድ በጋ ሙሉ ተነታረኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰውዬው ጎንበስ ብሎ የጎማዎቹን ነፋስ ሲያስወጣ ወንድሜ ደረሰበት። እኔ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ቁልቁል ሳይ፣ ሰውዬው ጣቱን ወንድሜ ፊት ላይ ቀስሯል። ወንድሜ ገፈተረው። ሰውዬው ሦስቱን የሲሚንቶ ደረጃ ወርዶ እጁ ላይ ወደቀ።

ገፍቶታል። አዳልጦት ነው፣ ሰይጣን ነው አልልም። በዓይኔ አይቻለሁ። የሰውዬው ቀኝ እጅ ከአንጓው ላይ ተሰበረ።

ወንድሜን ፖሊስ ወሰደው፣ ከዚያ በዋስ ለቀቀው። የዋሱን ወረቀት ቁጭ ብዬ እኔ ነኝ ያነበብኩለት። ከተበዳዩ ጋር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንዳይገናኝ ይላል። ይህን ከጣሰ ቀጠሮው እስኪደርስ እስር ቤት ይቆያል። ጠበቃው፣ ሶሊሲተሯ፣ ሁልጊዜ የምትቸኩል ወጣት ሴት ነበረች። እስር ቤት ከገባ ክሮይደን ያለው ጉዳዩም ሊበላሽ ይችላል አለችን። ወንድሜ ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ ሲል፣ እንዳታደርገው አለችው። እዚህ አገር ይቅርታ መጠየቅ ጥፋትን እንደ መፈረም ነው፤ ለፖሊስም ዝም፣ ለሰውዬውም ዝም። ወንድሜ ሊለብስ ያነሳውን ጃኬት መልሶ ሰቀለው።

በሳምንቱ በየበሩ በነጻ የሚወረወረው የሰፈር ጋዜጣ መጣ። የሰውዬው ፎቶግራፍ አለበት፤ እጁ ጀሶ ውስጥ ነው። ከላይ በትልቁ «ስደተኛ አዛውንት ደበደበ» ይላል። ስለ ብስክሌት አንድም ቃል የለም። ወንድሜ እናት አልነበረውም፣ እህት አልነበረውም፣ ዕድሜ እንኳን አልነበረውም። ስደተኛ ብቻ ነበር። ጋዜጣውን ቀድጄ ጣልኩት። ግን የሕንፃችን መቶ ሃያ ቤቶች ውስጥ ያው ጋዜጣ ነው የገባው፤ የቱን ቀድጄ እጨርሰዋለሁ?

ቀጥሎ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ገብቼ ኋላ ተቀመጥኩ። ሻይ በካርቶን ኩባያ፣ ብስኩት በሳህን። የልጁ እህት መሆኔን የሚያውቅ አልነበረም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መስያቸው ይሆናል። አንድ ፖሊስ የሰፈሩን ካርታ ሰቅሎ ቀይ ነጥቦችን በዱላ እየጠቆመ አስረዳ። እኛ ሕንፃ ላይ ሦስት ነጥቦች አሉ፤ አንዷ ወንድሜ ናት። ከዚያ ወሬው ተከፈተ። አንዱ ካሜራ ይተከል አለ። ሌላው በድሮ ጊዜ በራችንን ሳንቆልፍ ነበር የምንተኛው አለ፤ እንዲህ የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። ሊፍት በተበላሸ ቁጥር ዘንቢሏን የምሸከምላት የሁለተኛ ፎቅ ሴትዮ ተነስታ፣ «እኔ ዘረኛ አይደለሁም፤ ግን ማን እንደሆኑ እንኳን አናውቅም» አለች። በእኔና በእሷ መካከል ሁለት ወንበር ነው ያለው። ብስኩቱን በንዴት አላምጬ ዋጥኩት።

አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲያወሩ፣ የሰውዬው እጅ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሰውዬው ራሱ አልመጣም፤ ለምን እንዳልመጣም የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ የእኛን ሰዎች ገጠምኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፣ ሰይጣንን ረገሙልኝ፣ እግዜር ያውጣው አሉኝ። አንድ ሰው ብቻ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። በንጉሡ ጊዜ አገር ቤት የወረዳ ዳኛ ነበሩ፤ ለንደን መጥተው የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ሽማግሌ ተልኮበታል?» አሉኝ።

አልተላከም አልኳቸው። ደነገጡ። የሰው እጅ ተሰብሮ፣ አንድ ወር አልፎ፣ በሩን የረገጠ ሰው የለም? ነውሩ ይሄ ነው አሉ። ስለ ዋሱ ወረቀት ነገርኳቸው። በተዘዋዋሪም ቢሆን አይቻልም ይላል አልኳቸው።

«የተከለከለው እሱ ነው» አሉኝ። «እኔን ማን ከለከለኝ? እኔ የእሱ መልእክተኛ አይደለሁም፣ የራሴ ሽማግሌ ነኝ።»

ዳኛ ናቸው ብዬ አመንኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ማመን ስለፈለግኩ ነው። ሶሊሲተሯን ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። እንዳትከለክለኝ ፈርቼ አልደወልኩም፤ ለወንድሜም አልነገርኩትም።

ሦስት ሽማግሌዎች ካሌዶኒያን ሮድ አንድ ሻይ ቤት ተገናኝተው ተመካከሩ። በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ አጣፍተው እኛ ሕንፃ መጡ። አንዱ ከዘራ ይዘዋል። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር በየፎቁ እያረፉ ደረጃውን ወጡ። እንግሊዝኛ የምናገረው እኔ ነኝና ከፊት ሆንኩ።

ሰውዬው የበሩን ሰንሰለት ሳይፈታ በጠባቡ ከፈተ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፣ ከዚያ በዚያ በዳኛ ድምፃቸው መናገር ጀመሩ። ልጃችን በድሎዎታል አሉ። የእርስዎ እጅ ሲሰበር እኛም ተሰብረናል። ከአባቱ ዕድሜ በላይ በሆነ ሰው ላይ እጁን ማንሳቱ የእርስዎ ሕመም ብቻ ሳይሆን የእኛ ውርደት ነው። በሕግ የመጣበትን ይቀበላል፤ እኛ ግን እርስዎ ይቅር እስኪሉን ድረስ በርዎ ላይ እንቆማለን። እንዲህ እያሉ አምስት ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ሌሎቹ ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተዋል። እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት።

ሰውዬው ሂዱልኝ ብሎ በሩን ዘጋ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ባገራችን የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም። ሽማግሌ የተላከበት ሰው በአንድ ጊዜ እሺ ካለ እንዲያውም በደሉን ያቀለለ ይመስላል። ሽማግሌም በመጀመሪያው እምቢታ ከሄደ የተበዳዩን ሕመም ንቋል ማለት ነው። ስለዚህ መቆም ነው። ሦስቱም ኮሪደሩ ላይ፣ በተዘጋው በር ፊት፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እንሂድ አልኳቸው። ዳኛው በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። አርባ ደቂቃ ቆሙ። ከዘራ የያዙት ከዘራቸው ላይ ተደገፉ እንጂ አልተቀመጡም፤ ይቅርታ ሳይገኝ አይቀመጥማ። በሩ ላይ ካለችው የማያ ቀዳዳ በስተጀርባ ብርሃን ሲሄድ ሲመጣ አይ ነበር። ሰውዬው እየመጣ ያየናል። የሚያየው በሩን ከበው የማይሄዱ ሦስት ጥቁር ወንዶችን ነው።

ፖሊሶቹ በደረጃው እየሮጡ መጡ።

ሽማግሌዎቹን ጣቢያ ወስደው አስጠነቀቋቸው። እኔንም ጠየቁኝ። ያደረግኩት ማስተርጎም ብቻ ነው አልኳቸው፤ ያም ቃል ሆኖ ተጻፈልኝ። ወንድሜን ሰኞ ጠዋት ወሰዱት። ምስክር አስፈራርተሃል፣ የዋስ ግዴታህን ጥሰሃል ተባለ። እሱ ሽማግሌ እንደሄደ እንኳን የሰማው ከሶሊሲተሯ አፍ ነው።

ጋዜጣው ሐሙስ ወጣ። «ወሮበሎች አዛውንቱን በራፉ ላይ አስፈራሩ» ይላል። ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ይላል። ክሱን ብትተወው ለሁሉም ይሻላል ብለው ዛቱበት፣ ይላል። ወሮበላ የተባሉት የሦስቱ ዕድሜ ሲደመር ከሁለት መቶ ዓመት ይበልጣል። አንዱ ከዘራ ይዘው ነው የሄዱት፤ ጋዜጣው ላይ ከዘራው ዱላ ሆኗል። ያን ጋዜጣ ዓመታት አስቀመጥኩት። እንግዳ ቤቴ በመጣ ቁጥር እያወጣሁ፣ እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደሚዋሹ እዩ እል ነበር። እንግዳው ሁሉ ራሱን ይነቀንቅልኛል።

ወንድሜን እስር ቤት ሄጄ ሳየው ከስቶ ነበር። በመካከላችን ጠረጴዛ አለ። እጄን ሊይዘኝ አልፈለገም።

«ማን ላካቸው?» አለኝ።

በራሳቸው ነው የመጡት አልኩት። ትልቅ ሰዎች ናቸው፣ እምቢ ማለት አቃተኝ አልኩት።

«ሕይወቴን አበላሹት» አለ።

አሥራ አንድ ሳምንት ተቀመጠ። ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ፤ የታሰረው ይበቃዋል ብለው ለቀቁት። ክሮይደን ያለው ጉዳዩ ግን ሁለት ዓመት ተጓተተ። በመጨረሻ ወረቀቱን አገኘ፤ ባገኘ በሳምንቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ሌላ ከተማ ገባ። ዛሬ በፋሲካና በገና ይደውልልኛል። ደኅና ነሽ ይላል፣ ደኅና ነኝ እላለሁ።

የቤተ ክርስቲያኑም ሰው ቂም የያዘው በዳኛው ላይ ነበር። በደግ ጊዜ ጥበባቸውን ሲያደንቅ የኖረ ሁሉ፣ አሁን የንጉሡ ዘመን መሰላቸው እንዴ፣ አገሩን መቼ ለመዱት ይል ጀመር። እሳቸው አንድ ቀን እንኳን ለራሳቸው አልተከላከሉም። መጀመሪያ ከአዳራሹ ሻይ ቀሩ፣ በኋላ ቅዳሴ አስቀድሰው ቶሎ መሄድ ጀመሩ። ወንድሜ ከተፈታ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ሰላም ሳይላቸው አለፈ። እኔ አብሬው ነበርኩ። ተከትዬው አለፍኩ።

ሦስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ሊፍት ውስጥ ከሰውዬው ጋር ተገናኘን። እስከዚያ ድረስ እሱ ካለ እኔ ደረጃውን እወጣ ነበር። ያን ቀን እግሬ ዝሎ ነበር፤ በዚያ ላይ ሲገባ አላየሁትም። ክራቫቱን አስሯል። በግራ እጁ ወተትና ዳቦ ይዟል። ቀኝ እጁን አንስቶ ቁልፉን ሊጫን ሞከረ፤ ጣቶቹ በደንብ አልታዘዝ አሉት። ሦስት ቁጥርን ተጫንኩለት።

እጅዎ እንዴት ነው አልኩት። ይህን ስጠይቀው በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ብርድ ሲሆን ያመኛል አለ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ።

«ያ ባርኔጣውን ያወለቀው ሰው» አለኝ። «ብዙ ነገር ተናግሮ ነበር። አንቺ የነገርሽኝ ግን ትንሽ ነው። ምን ነበር ያለው?»

የዚያን ዕለት በሩ ላይ ያልኩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ዳኛው አምስት ደቂቃ ይቅርታ ሲለምኑ፣ እኔ የማስበው ወንድሜን ብቻ ነበር። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ዋናው ነገር ይድረስ ብዬ ነው። በድለናል የሚለውን ደግሞ ሶሊሲተሯ ከልክላለች። ስለዚህ ያን ሁሉ ትቼ፣ ክሱን እንዲተዉት ነው የመጡት አልኩት። ወንድሜ ከታሰረ ያባርሩታል አልኩት። ብትተወው ለሁሉም ይሻላል አልኩት። ጋዜጣው ሌላውን ሁሉ ዋሽቶ ይሆናል፤ ይህችን ግን አልዋሸም። የእኔ ቃል ናት።

«ይቅርታ ነበር የሚጠይቁት» አልኩት።

«ያን ሁሉ ጊዜ?»

«ያን ሁሉ ጊዜ።»

ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ቆመ። ሰውዬው ወጣ፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ዳቦውን እንደያዘ ቆሞ አየኝ።

በማግሥቱ ለዳኛው እነግራቸዋለሁ ብዬ ወደሚጠብቁት የመኪና ማቆሚያ ሄድኩ። ከትንሿ የመስታወት ክፍላቸው ወጥተው በደስታ ሳሙኝ። ሻይ ከፔርሙዝ ቀዱልኝ። አፌ ድረስ የመጣውን ነገር ከሻይው ጋር ዋጥኩት። ያን እሑድ ፖሊሶቹ በደረጃው ሲያወርዱን ዳኛው የጠየቁኝን ጥያቄ እያስታወስኩ ነበር። «ልጄ፣ ይቅርታ መጠየቃችንን ነግረሽልናል?» ነበር ያሉኝ። እኔም ነግሬዋለሁ፣ እምቢ አለ ብያቸው ነበር።

እሳቸውም አምነውኝ ኖሩ። ከዚያ በኋላ ስለ እንግሊዝ አገር ወንጀልና ፍርድ በተነሳ ቁጥር፣ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ለምኖት እምቢ ያለ ሕዝብ ነው ይሉ ነበር። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አዎ፣ እውነትዎን ነው እል ነበር። ይህንኑ እያሉ ሞቱ።